የወልድያ አፈር ለመርሳ ብርቱካን

በእኛ ልጅነት ከደሴ ወደ ወልድያ፣ ወይም ከወልድያ ወደ ደሴ የሚሄድ አውቶቡስ መርሳ ላይ ሳይቆም ካለፈ ሹፌሩ የታመመ መስሎን እናዝን ነበር። አውቶቡሱ ገና ጥጉን ሳይዝ መስኮቶቹ ይከፈታሉ። ሳፋ የተሸከሙ ሴቶች ይከቡታል። ብርቱካን ወደ ላይ፣ ሳንቲም ወደ ታች ይወረወራል። መኪናው ሲነሳ የልጣጩን ሽታ ተሸክሞ ነው የሚሄደው፤ ውርጌሳ ያሉ ሰዎች የመርሳ አውቶቡስ መቃረቡን በአፍንጫቸው ያውቁ ነበር ይባላል። ይህን የሚለው የመርሳ ሰው ስለሆነ ግማሹን ቀንሳችሁ ስሙት።

ዛሬ ያ ሁሉ የለም። ብርቱካኑ ታመመ፣ ደረቀ፤ ባለቤቱም እየነቀለ ማንጎ ተከለ፣ ሽንኩርት ተከለ፣ ጫት ተከለ። እኔ ወልድያ ላይ ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ ስወጣ ወላጆቼ ወደተዉልኝ የመርሳ ግቢ ተመለስኩ። አባቴ ከተከላቸው ብርቱካኖች ሁሉ አንዲት ብቻ ቆማ አገኘኋት። ቆማ የምለውም ለክብሯ ብዬ ነው። ቅጠሏ ቢጫ ሆኗል፣ ቅርንጫፏ ተራቁቷል፣ ፍሬ ከያዘች ስንት ዓመቷ እንደሆነ የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። እንጨቷ ለማገዶ እንኳ አያምርም ነበር።

ዛፏ የቆመችው በእኛና በሐጂ ይማም ግቢ መካከል፣ ድንበሩ ላይ ነው። ሐጂ የአባቴ ጎረቤት ነበሩ፤ ከጎረቤትም በላይ ጓደኛው። እኛ ክርስቲያን ነን፣ እነሱ እስላም ናቸው። በእኛ አገር አብሮ መኖር ብርቅ አይደለም፤ አብሮ መብላት ግን ብልሃት ይፈልጋል። የእነሱን ሥጋ እኛ አንበላም፣ የእኛንም እነሱ አይበሉም። ስለዚህ በፋሲካ አባቴ ለሐጂ ቤት በግ ከነነፍሱ ይሰዳል፤ እነሱ ቢስሚላህ ብለው ያርዱታል። በዒድ ደግሞ የሐጂ ሚስት ዶሮ ከነነፍሷ በአጥሩ ላይ ታቀብለናለች። አንድ ዓመት አንዱ አውራ ዶሮ ሦስት ጊዜ ተመልሶ ሄዶባታል፤ ሰውየው የማን በዓል እንደሆነ ግራ ሳይገባው አልቀረም። በእናቴም ጓዳ ለሐጂ ቤተሰብ ብቻ የሚወጣ፣ ሥጋ ነክቶት የማያውቅ ድስት ነበር። እኔ ተሳስቼ እንቁላል ቀቅዬበት በኩርኩም ያየሁት ኮከብ እስካሁን አይረሳኝም።

ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ሕግ ነበር፤ ለሰው ሳይነግሩት ማብላት ነውር ነው። ቅቤው ከየት እንደመጣ ይነገራል፣ ወጡ በየትኛው ድስት እንደተሠራ ይነገራል። ሰው ተሰርቆ ይቅር ይላል፣ ተሰድቦም ይታረቃል፤ ሳያውቅ የበላውን ግን እንዴት አድርጎ ይመልሰዋል? ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነጻ የነበረችው ብርቱካን ብቻ ናት። በጾም ትበላለች፣ በረመዳን ማፍጠሪያ ትሆናለች፤ አጥሩን ስትሻገር ማንም የሚጠይቃት አልነበረም።

እንግዲህ ወደ መርሳ በተመለስኩ በሳምንቱ ሐጂን ልጠይቅ ገባሁ። ሰማንያውን አልፈዋል። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ የምትጦራቸው ልጃቸው ዘይነባ ናት።

«ሐጂ፣ እንዴት አደሩ?»

«አልሐምዱሊላህ፤ አለሁ። እንዲያው ያባትሽ ብርቱካን ዘንድሮም አላፈራች?»

«ደርቃለች እኮ ሐጂ። ላስቆርጣት ነው።»

 «አፌ መሯል ልጄ» አሉ። «እህል አልገባ ብሎኛል። ካባትሽ ብርቱካን አንዲት ብቀምስ ደግ ነበር። ይሁን፤ አላህ ያለው ነው የሚሆን።»

ስወጣ ዘይነባ እስከ በር ሸኘችኝ። «ከገበያ አምጥቼላቸው ነበር» አለችኝ፤ «'ይሄ ውሃ ነው' ብለው መለሱልኝ። በማርያም፣ ዛፏን አታስቆርጫት።» ዘይነባ በማርያም ስትለኝ ነገሩ የምር እንደሆነ ገባኝ።

ዛፏን ማከም ጀመርኩ። ውሃ አጠጣኋት፣ የፍየል በጠጥ አበላኋት፣ አመድ ነሰነስኩላት፣ አንድ ቀን ማንም አለማየቱን አረጋግጬ መከርኳት። ሠላሳ ዓመት ስለ ናይትሮጅን ዑደት ጥቁር ሰሌዳ ላይ በቀስት እየሣልኩ ያስተማርኩ ሰው አንዲት ዛፍ መቀለብ አቃተኝ። በመጨረሻ የቀድሞ ተማሪዬ ፋጡማ ትዝ አለችኝ። ፋጡማ ኩላሊት ሣዪ ስላት ድንች የምትሥል ልጅ ነበረች። ዛሬ መሐንዲስ ሆና ከወልድያ ወጣ ብሎ የሽንት ቤት መምጠጫ መኪኖች የሚያራግፉበትን ቦታ ታስተዳድራለች። ያ ሁሉ የሚራገፈው ነገር ውሃው ይጣራና ዝቃጩ በሲሚንቶ መደብ ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ይመታዋል።

ዕለቱ ማርያም ስለነበረ አስቀድሼ፣ ነጭ በነጭ እንደለበስኩ ሄድኩ። ሽታ አፍንጫዬን ይቆርጠዋል ብዬ ነበር። ፋጡማ ከቆየው ክምር ጨብጣ ስታሳየኝ ግን ዝናብ የነካው መሬት ይሸታል፤ ጥቁር፣ ፍርፍር ያለ አፈር ነው።

«ሁለት ክረምት የከረመ ነው ቲቸር» አለችኝ። «በፈረንጅ አገር አንዳንዱ ስንዴ ማሳ ላይ ይበትነዋል፣ አንዳንዱ ያቃጥለዋል፣ ጡብ የሚሠራበትም አለ። አንዳንዱ ደግሞ ማሳ ላይ እንዳይደርስ ከልክሏል፤ የፋብሪካው ፍሳሽ ሁሉ ስለሚቀላቀልበት ይፈራሉ።»

«የእኛስ?»

«የእኛ ሽሮ ነው።»

ቆሜ ክምሩን ሳየው ብዙ ነገር መጣብኝ። ወልድያ ውስጥ ሥጋ ቤት የእስላም አለ፣ የክርስቲያን አለ፤ በስህተት ገብቶ የሚያዝ የለም። እዚህ መደብ ላይ ግን ሐኪሙም፣ ወዛደሩም፣ ቄሱም፣ ሼሁም፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደመወዜን ሳያሳድግ ያለፈው ርዕሰ መምህርም ተቀላቅለው አፈር ሆነዋል። ይህንኑ ለፋጡማ እያስረዳሁ፣ እጄን እያወናጨፍኩ፣ ቀጥሎ ያለው መደብ ደርቋል ብዬ ረገጥኩት። ላዩ ደርቋል። እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገባሁ።

ፋጡማ እንደ ልጅ እግሬን በሳሙና አጠበችኝ። ጫማዬን በፌስታል አስራ እዚያው አስቀረችው፤ «ይህን ይዘው መኪና ውስጥ አይገቡም» ብላ። ከዚያ ሕጎቿን ቆጠረችልኝ። አቧራው እንዳይገባብዎት አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ። እጅዎን በሳሙና ሳይታጠቡ ምንም ነገር አይቅመሱ። ከሥሩ ራቅ አድርገው ዙሪያውን ቆፍረው ይቅበሩት፤ ፍሬ እንዳይነካ፣ ጎመን አጠገብ እንዳይደርስ። «ደግሞም ዛፏ ርቧት ከሆነ ትድናለች፤ ታማ ከሆነ ግን አትድንም» አለችኝ። የሐጂ አፍ መምረር ትዝ አለኝና፣ ርቧት ይሁን ብዬ ተሳልኩ። ሦስት ማዳበሪያ ሞልቼ፣ ሳሙናና አንድ ጀሪካን ውሃ ተጨምሮልኝ ወደ መናኸሪያ መጣሁ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የሦስተኛውን ማዳበሪያ አፍ በጥድፊያ ሰፍቼው ነበርና ረዳቱ ሁለቱን ከጀሪካኔና ከሳሙናዬ ጋር ጣራ ላይ ሰቅሎ ሦስተኛውን ሲያነሳ ጎኑ ተተረተረ። ምን ላድርግ? ነጠላዬን አወለቅኩና ጠቀለልኩት። ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ የሻሼን ጫፍ አፍንጫዬ ላይ ስቤ፣ በእጄ ስለነካሁትም እጄን ከሁሉ ነገር አርቄ ሚኒባሱ ውስጥ ተቀመጥኩ።

አሁን እስቲ ራሳችሁን በተሳፋሪው ቦታ አስቀምጡ። አንዲት ሴትዮ ገብታለች። ነጭ ለብሳለች። ባዶ እግሯን ናት። አፏን ሸፍናለች፣ አትናገርም። በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አቅፋ፣ መኪናው በዘለለ ቁጥር ጠበቅ ታደርገዋለች። እኔ የፋጡማን የንጽሕና ሕግ እየጠበቅኩ ነው። እነሱ ግን የሚያዩት ሌላ ሰው ነው።

ከጎኔ የተቀመጡት እናት መጀመሪያ ቆሎ ዘገኑልኝ። እጄ አልታጠበማ! ራሴን ነቀነቅኩ።

«ጾም ነሽ ልጄ?» አሉኝ።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ዝም አልኩ። ወደ ኋላ ዞረው፣ «ሱባኤ ላይ ናት» አሉ። ይህን ሲሰማ ሹፌሩ ዘፈኑን ቀነሰ።

«ከየት ትመጫለሽ? ምንድን ነው የያዝሽው?»

አሁን መልስ መስጠት ግድ ሆነ። በሻሼ ውስጥ፣ በተቻለኝ አጭር ቃል፣ «አፈር ነው እናቴ» አልኩ። «ለታመመ።»

«ለማን?»

«መርሳ ላሉ ሽማግሌ።»

ልብ በሉልኝ፤ አንድም ውሸት አልወጣኝም። እውነት በጣም ሲቆረጥ ምን እንደሚመስል ያየሁት ያን ዕለት ነው። እናቲቱ አማተቡ። «የግሸን እምነት ነው» አሉ። ከኋላ ቆብ ያደረጉ ሰውዬ ከነጠላዬ የሾለከውን አይተው፣ «ኧረ ይሄስ የሼሁ አፈር ነው፤ እኔ አውቀዋለሁ፣ እንዲህ ጥቁር ነው» አሉ። ትንሽ ተከራከሩ። ክርክሩ ግን ብዙ አልቆየም፤ ወሎ ነውና፣ «የማንም ይሁን፣ ደግ አፈር ነው» ተባብለው ተስማሙ። ከዚያ ልመናው ጀመረ። አንዷ ለጉልበቷ ፈለገች። አንዱ ለሚፈተን ልጁ ፈለገ። ቆብ ያደረጉት ሰውዬ ወተት ለከለከለች ላማቸው ለመኑ። ረዳቱ ሳይቀር አንገቱን አስግጎ፣ «ማዘር፣ ለኋላ ጎማችንም ትንሽ ቢያደርጉልን» አለ።

ለምን ያኔውኑ አልተናገርሽም ትሉኝ ይሆናል። አፈርኩ። በሠላሳ ዓመት ማስተማር እንዲህ ተከብሬ አላውቅም፤ ያን ሁሉ ክብር ይዤ፣ «ይቅርታ፣ የያዝኩት እኮ...» ብዬ መጀመር እንዴት ይሆንልኛል? ሲሪንቃ ስንደርስ አንዱ ወራጅ ሲል ግርግሩ ውስጥ እወርዳለሁ እያልኩ ሳሰላስል እናቲቱ ጣታቸውን በምላሳቸው አርጥበው፣ በነጠላዬ እጥፋት ውስጥ ሰደድ አድርገው፣ አፈሩን አወጡ። ግንባራቸው ላይ ያደርጉታል ስል ወደ አፋቸው ወሰዱት።

«እንዳይቀምሱት!» ብዬ ጮህኩ። «የወልድያ ሽንት ቤት ነው!»

ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። ከዚያ በኋላ የነበረውን ዝምታ ክፍል ውስጥ ባገኘው ኖሮ ስንት ተማሪ ባስተማርኩ። ቀጥሎ ሁሉም ባንድ አፍ ተናገረ፣ ሁሉም ባንድ በር ወረደ። የሲሪንቃ ምርምር ጣቢያ አጥር አጠገብ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ለብርቱካን ዛፍ ነው ብል የሚሰማኝ ጠፍቶ ስድቡን ቆሜ ጠጣሁት። በተለይ ቆብ ያደረጉት ሰውዬ፣ «አፈር ያስመስልሽ!» እያሉ ሦስት ጊዜ ሄደው ሦስት ጊዜ ተመለሱብኝ። ረዳቱ ማዳበሪያዎቹን ከጣራ አውርዶ፣ ስለ ጎማው ያለውን እንደረሳሁለት ለማረጋገጥ ይመስላል፣ ዓይን ዓይኔን ያየኝ ነበር።

ጀሪካኔንና ሳሙናዬን አንስቼ ወደ እናቲቱ ሄድኩ። ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው እንደቆሙ ናቸው። አፋቸው አልደረሰም ነበር፣ ተመስገን። ተንበርክኬ እጃቸውን አንድ በአንድ፣ በጥፍራቸው ሥር እያልኩ አጠብኩላቸው። አልተሳደቡም። ታጥበው ሲጨርሱ ብቻ፣ «ልጄ፣ ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ?» አሉኝ። የሌላው ሁሉ ስድብ እዚያው አስፋልቱ ላይ ቀረ፤ ይህችን ግን ይዣት ሄድኩ።

ሚኒባሱ ጥሎኝ ከሄደ በኋላ አንድ ሰው ጥላ ሥር ቀርቶ አየሁ። ያው ባለቆቡ ናቸው። ግራ ቀኝ አዩና ጠጋ አሉ። «እታለም፣ አፉ በይኝ፤ ንዴት ነው» አሉ። «እንዲያው ግን፣ ለብርቱካን ይሆናል ነው ያልሽው?» የሳቸውም ደርቆባቸዋል። የፋጡማን ሕግ ከሀ እስከ ፐ አስረዳኋቸው፤ እሳቸውም ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ አስቁመው ከነማዳበሪያዎቼ አስጫኑኝ።

በባዶ እግሬ ሽንኩርት ላይ ተቀምጬ ወደ መርሳ ስወርድ ነው ሆዴ የባባው። ያንን መንገድ በልጅነቴ ከአባቴ ጋር በጭነት መኪና ተጉዤበታለሁ፤ እሱ ብርቱካን ወልድያ አድርሶ ሲመለስ ባዶ ሣጥኖቹ ላይ ያስቀምጠኝ ነበር። ነፋሱ ያው ነው፣ ተራራው ያው ነው፣ ከታች የሚታየው የመስኖ ቦይ ያው ነው። ሽታው ግን የለም። ያኔ መርሳ ከመድረሳችን በፊት የብርቱካን አበባ ይቀበለን ነበር። አሁን የሚቀበለን ጫት የያዘ ደላላ ነው። ከሽንኩርቱ ይሁን ከሌላ እንጃ፣ ዓይኔ ሲያነባ መርሳ ደረስኩ።

ወሬው ቀድሞኛል። የሰፈሩ ልጆች ገና ከመውረዴ «ባለ አፈሯ!» ይሉኝ ጀመር። እኔ ዛፏን ዙሪያዋን ቆፍሬ፣ እንደታዘዝኩት ቀብሬ፣ ዝናብ ጠበቅኩ። በመጀመሪያው ክረምት ቅጠሏ ብቻ አረንጓዴ ሆነ። በየጠዋቱ እየወጣሁ ቅጠል ስቆጥር ዘይነባ በአጥሩ ላይ፣ «ዛሬስ?» ትለኛለች። ሐጂ እየደከሙ፣ ከአልጋ የሚወርዱበት ቀን እያነሰ ሄደ። በሁለተኛው ዓመት አንድ ጠዋት በሩን ስከፍት ያ ሽታ፣ የልጅነቴ ሽታ፣ ፊቴ ላይ መጣ። ዛፏ አብባለች። ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ባዮሎጂ መምህር ብሆንም።

ካበበው ሁሉ ሦስት ፍሬ ብቻ ዘለቀ። ሲበስሉ ቆረጥኳቸውና ሳህን ላይ አደረግኳቸው። ከዚያ እግሬ አልነሳ አለኝ። ሐጂ ውዱእ ሳያደርጉ ውለው የማያውቁ፣ ልብሳቸውን ጠብታ ቢነካው የሚለውጡ ሰው ናቸው። ብነግራቸው አይበሉም፤ ሁለት ዓመት የጠበቁት ሳይቀምሱት ይቀራል። ባልነግራቸውስ?

ዘይነባ በሩ ላይ ያዘችኝ። «አትንገሪያቸው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ይብሉ። ሦስት ቀናቸው ነው እህል ካፋቸው ከገባ። ወንጀሉ በኔ ይሁን።»

እሺ አልኳት። እውነቴን ነው፣ እሺ ብዬ ነው የገባሁት። ሐጂ መደቡ ላይ በትራስ ተደግፈው ነበር። ብርቱካኑን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ እጃቸውን ዘረጉ። የሲሪንቃዋ እናት የቀሰሩት ጣት ድንገት ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ሳህኑን ወደ ኋላ ሳብኩት።

«ሐጂ፣ ሳይቀምሱ የምነግርዎት አለኝ።»

«ንገሪኛ።»

ከየት እንደምጀምር ጠፋኝና ከናይትሮጅን ዑደት ጀመርኩ። ትንሽ ሰምተው እጃቸውን አነሱ። «አንቺ ልጅ፣ ነገርን ከሥሩ ቢባል እንዲህ ካለ ሥር አይደለም።»

«ለዛፏ ያበላኋት የወልድያ ሰው ሽንት ቤት ነው» አልኩ። «ደርቆ፣ ሁለት ክረምት ከርሞ ነው። ግን እሱው ነው።»

ዘይነባ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ሐጂ ብርቱካኑን አዩ።

«አፈር ሆኗል?»

«ሆኗል።»

«ፍሬውን ነክቷል?»

«አልነካም። ከመሬት በታች ነው የቀበርኩት።»

«እንግዲያ» አሉ፣ «ያንቺን ነገር ከሲሪንቃ እስከ መርሳ ያልሰማ ማን አለ? ገና እግርሽን ሳትታጠቢ ነው የሰማሁት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«እስክትነግሪኝ ነዋ። ሁለት ዓመት ጠበቅሁ።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺንም በሩ ላይ ሰምቼሻለሁ ዘይነባ። ጆሮዬ እንደምታስቢው አልሞተም።»

ከዚያ ወደ እኔ ተመልሰው፣ «አባትሽ ይህችን ብርቱካን ከምን ላይ እንደተከላት ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«ድንበሩ ላይ ነዋ።»

«ድንበሩ ላይ ምን ነበር?»

«እኔ ከማወቄ በፊት ነው፤ አላውቅም።»

«ሽንት ቤት። የሁለታችንም ቤት። እኔና እሱ ነን የቆፈርነው። ሲሞላ አፈር መለስንበት፣ ከረመ፤ ችግኙን ከላዩ ተከለ። ባፈራች ጊዜ የመጀመሪያዋን ይዞ አንቺ ከቆምሽበት ቆመና ነገረኝ። ሼሁን ጠየቅሁ። አፈር የሆነ አፈር ነው፣ ፍሬው ንጹሕ ነው አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስበላት ኖርሁ።»

መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያች ዛፍ ነው ያደግሁት። ሳል ሲይዘኝ ከሷ ተጨምቆልኛል፣ ለፈተና ስሄድ ከሷ ተይዞልኛል።

«ለእኛስ ምነው አልነገረን?»

ሐጂ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ሄደና ተመለሰ። «እናትሽን ፈርቶ! 'ብነግራት ዳግመኛ እጄ ያበቀለውን አትነካም፤ አደራ' አለኝ። እሱም ሄደ፣ እሷም ሄደች። ያንን አደራ ይዤ ልቀበር ነበር።»

ለሐጂ በደጃፋቸው ቆሞ የነገረ አባቴ፣ እኛን እየሳቀ ሲያበላን ኖረ ማለት ነው። መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ ሳቅኩ። ሳቁ መሃል ላይ አባቴ ናፈቀኝ፤ ክፉኛ ናፈቀኝ። እናቴም ሰምታ አንዴ ብትጮህበት ብዬ ተመኘሁ።

ሐጂ አንዷን ብርቱካን አነሱና በአውራ ጣታቸው ላጧት፤ ቤቱን ሽታው ሞላው። ለሁለት ከፈሏት። ቢስሚላህ ብለው አንዲት ፍልቃቂ አፋቸው ከተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። 

«ያባትሽ ትበልጥ ነበር» አሉ። ሁለተኛዋን ጨመሩ። ሦስተኛዋን ጨመሩ። ዘይነባ ወደ ግድግዳው ዞራ ዓይኗን ጠረገች።

ቀሪውን ግማሽ ወደ እኔ ዘረጉት። እጄ ሄዶ መሃል ላይ ቆመ። የወልድያውን እኔው ራሴ ተሸክሜ ነው ያመጣሁት፤ ከሱ በታች ያለውን ግን ገና አሁን መስማቴ ነው።

ሐጂ እጃቸውን አላጠፉም።

«እኔም ነገርሁሽ» አሉ። «እንግዲህ ብይ።»